እጁን የማይሰጠኝ ተማሪ፦ ኦቲዝም ካለው ልጅ ጋር መቀራረብ ከየት ይጀምራል?

መክፈቻ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ በክፍሌ ካሉት 58 ተማሪዎች አንዱ፣ ሐኪም ኦቲዝም እንዳለው ያረጋገጠለት የ10 ዓመት ልጅ ነው። እስከ ዛሬ ልጆች በቶሎ ይለምዱኝ ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ፣ እያንዳንዱን ጨብጬ፣ ትንንሾቹን ጉንጫቸውን ስሜ፣ እንዴት አደርክ፣ እናትህ ደኅና ናት ወይ ብዬ ነው ወደ ክፍል የማስገባቸው። ይህ ልጅ ግን ግድግዳውን ታክኮ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ያልፈኛል። በጥቅምት አንድ ቀን፣ ቀስ በቀስ ይለምደዋል ብዬ እጁን ያዝኩት። ጮኸ፤ የገዛ እጁን ነከሰ፤ እስከ ዕረፍት ሰዓት ድረስም ከዴስኩ ሥር አልወጣም። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እርምጃውን ያፈጥናል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድ ልጅ ከእኔ ሊማር አስቀድሞ እኔን ሊያምነኝ ይገባል፤ እኔ የማውቃቸው የመቅረቢያ መንገዶች ሁሉ ግን ይህን የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ የሚያርቁት ከሆነ ከየት ልጀምር?

ይህ ጥያቄ የከፈተው የጽሑፍ ውይይት (ክሩ) ከኅዳር እስከ ሰኔ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች መልሶቹን በየተራቸው በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። መክፈቻውን አላረምኩትም፤ በውስጡ ያለው አንድ ቃል ለምን እንዳስቆጣ በ4ኛው መልስ ላይ ይታያል።

1ኛ መልስ፦ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ልጄ ብለው ጀምረው፣ ፍቅር የማይከፍተው በር እንደሌለ፣ ትዕግሥት እንዳላጣና ልጁን እንደ እናት እንዳቅፈው መከሩኝ። ደግነታቸው ልቤን ነካው። ሆኖም እኔ የተሳሳትኩት ልጁን በመንካቱ ላይ ስለነበረ ምክሩን በሥራ ለማዋል አልቻልኩም።

2ኛ መልስ፦ በባሕር ዳር የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር የሆኑ ሰው ረጅም ማብራሪያ ሰጡ። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን ሌላው ሰው ከሚሰማው እጅግ አጉልተው ወይም እጅግ አሳንሰው ይሰማቸዋል። ይህም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ 5ኛ እትም ውስጥ ከመለያ ምልክቶቹ አንዱ ሆኖ መግባቱን ገለጹ። ስለዚህ ለእኔ ሰላምታ የሆነው መጨባበጥ ለልጁ እንደ ፍም ሊያቃጥለው ይችላል አሉ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ስላላቸው 11 ልጆች በጻፈው የመጀመሪያ ዘገባም፣ ልጆቹ ነገሮች ሳይለወጡ እንዲቆዩ ያላቸውን ብርቱ ፍላጎት ማስፈሩን አስታወሱ። ምክራቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ ከፊቱ አትቁሚ፣ ከጎኑ ሁኚ። ጥያቄ አታብዢበት። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ አንድ ዓይነት አጭር ቃል ተናግረሽ ሂጂ። መልስ አትጠብቂ። ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው መሆን ከቻልሽ ፍርሃቱ ይቀንሳል። በዚህ ክር ውስጥ ሥራዬን በአንድ ሌሊት የለወጠው ይህ መልስ ነው።

3ኛ መልስ፦ አንዲት እናት፣ ወንድ ልጃቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር ጆሮውን ደፍኖ ከክፍል ይሮጥ እንደነበር ነገሩን። ክፍሉ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረ። መምህሩ ግን ልጁን ባለጌ ነው ብለው ደጋግመው አስወጥተውታል። ሌላ ጊዜም የደንብ ልብሱን አንገት ሲቀደው አገኙት፤ ኋላ ላይ ሲመረመር የሚቧጭረው ከኮሌታው ሥር የተሰፋው የመጠን ምልክት ሆኖ ተገኘ። እናትየው ምልክቱን በመቀስ ቆርጠው ከጣሉት ቀን ጀምሮ ልጁ ሸሚዙን ቀዶ አያውቅም። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኔን ተማሪ በሰልፍ ሰዓት አስተዋልኩት፤ ከድምፅ ማጉያው ሥር ነበር የሚቆመው፤ ለደወል የሚመታው ቸርኬም ከራሱ አጠገብ ተሰቅሏል። የሰልፉን ቦታ ለመለወጥ የጠየቀኝ የዩኒት ሊደሩን ፈቃድ ብቻ ነበር።

4ኛ መልስ፦ አንድ ወጣት፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም እንዳለው ገልጾ፣ ተጠቂ የሚለውን ቃል በምሬት ነቀፈ። ማን አጠቃኝ ሲል ጠየቀ። ወባ ያጠቃል፣ ጎርፍ ያጠቃል፤ ኦቲዝም ግን አእምሮው ከተፈጠረ ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ እንጂ ከውጭ የመጣበት ጠላት እንዳልሆነ ጻፈ። ኦቲዝም ያለበት የሚለውም ዕዳ ያለበት እንደ ማለት ስለሚሰማው፣ ኦቲዝም ያለው ቢባል እንደሚመርጥ ተናገረ። ልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ እላለሁ።

5ኛ መልስ፦ ሌላ ተሳታፊ፣ ልጅ ከዴስክ ሥር ተደብቆ እያለ እኛ በሰዋስው እንጨቃጨቃለን ሲሉ ገሠጹ። ቁጣቸው ይገባኛል። ነገር ግን መምህሩ ልጁን በልቡ የሚጠራበት ስም በአፉም በእጁም መውጣቱ አይቀርም።

6ኛ መልስ፦ ከጎንደር የጻፉ አንድ አዛውንት፣ ለመሆኑ ሰላምታ ሁሉ በእጅ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በእርሳቸው የልጅነት ዘመን ታናሽ ለታላቅ፣ እንግዳም ለባለቤት ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣ እንደነበር፣ ማንም ማንንም ሳይነካ ክብር ይሰጣጥ እንደነበር አስታወሱን። ለዚህ ልጅ እጅ ብነሣለት ምን እንደሚጎድልብኝ ጠየቁ። ይህን የመሰለ መልስ ከማንም አልጠበቅሁም። ስንት የውጭ አገር ጽሑፍ ሳገላብጥ የከረምኩት፣ አያቴ በየቀኑ ታደርገው የነበረውን ነገር ፍለጋ ኖሯል።

7ኛ መልስ፦ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ለ6ኛው መልስ ምስጋና አቅርበው አንድ እርማት ጨመሩ። በእኛ ባህል ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረጉ ጨዋነት ነው፤ ስለዚህ ዓይን ለዓይን አለመተያየትን እንደ ዋና ምልክት የሚያዩ ከምዕራቡ ዓለም የመጡ መጠይቆች በእኛ ልጆች ላይ ሲውሉ ጥንቃቄ ይሻሉ። በአንጻሩም ልጁ ዓይን አፋር ነው እየተባለ፣ ዕርዳታ ሳያገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለመምህር ግን የሚበጀው አንድ ነው አሉ፦ እየኝ ብሎ አለማስገደድ። ብዙ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ዓይናቸውን ሲያነሡ መስማት እንደሚከብዳቸውና ወደ ሌላ ሲያዩ ግን በደንብ እንደሚያዳምጡ ራሳቸው ይናገራሉ።

8ኛ መልስ፦ ይህ የእኔ ነው። ለሦስት ሳምንት በሩ ላይ ሳይሆን ከሰሌዳው አጠገብ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ስሙንና የዕለቱን ስም ብቻ እየጠራሁ መቀበሌን ዘገብኩ። በ16ኛው ቀን ማክሰኞ ነው ስል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀኝ። ኅዳር 12 ቀን 1981 አልኩት። ጣቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሶ ሰኞ አለኝ። ከመስከረም ጀምሮ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ማታ እናቴ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ የሚካኤል ዕለት፣ ሰኞ፣ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ምጥ እንደያዛቸው ነገሩኝ።

9ኛ መልስ፦ ወዲያው አንድ ሰው በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አስልቼ ልጁ ተሳስቷል፣ ዕለቱ እሑድ ነው ብሎ ጻፈ። ይህ መልስ ክሩን ለሁለት ቀን ከመንገዱ አወጣው።

10ኛ መልስ፦ የአብነት ትምህርት የተማሩ አንድ ተሳታፊ ስሌቱን ዘርዝረው አረሙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመንና 1981 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ 7481 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1870 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ዘመኑም ዘመነ ማቴዎስ ነው። 7481 እና 1870 ተደምረው 9351 ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ 6 ሲተርፍ መስከረም 1 እሑድ ይውላል። የ9ኛው ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆሟል። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ግን 71 ቀን አለ፤ ይህም አሥር ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ ዕለቱ ሰኞ ነው። ልጁ ትክክል ነበር። እኒህ ሰው ለልጁ በዓላት የሚሰሉባቸውን አበቅቴና መጥቅዕን የሚያስተምረው ሰው ቢገኝ ምኞታቸው እንደሆነ ጨምረው ጽፈዋል።

11ኛ መልስ፦ የ9ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ስሕተቱን አመነ፤ ልጁንም በእኔ በኩል ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ ነገርኩት። ደስ ይበለው አይበለው ከፊቱ ለማወቅ አልቻልኩም፤ ደብተሩን ግን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ውስጡ በየገጹ የቀን መቁጠሪያ ነበር።

12ኛ መልስ፦ ባህሪን በማረቅ ሙያ የሠለጠኑ አንድ ባለሙያ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ አሳሰቡ። የልጁን ደብተር ልውሰድ፤ አምስት የሒሳብ ጥያቄ ሲሠራ ለአምስት ደቂቃ ልስጠው፤ ሲጮህ ልከልክለው፤ ሽልማት ባህሪን እንደሚያጸና በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው አሉ። መልሳቸው ሥርዓት ያለውና ግልጽ ነበር።

13ኛ መልስ፦ የ4ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ የጻፈው የክሩ ብርቱ ጽሑፍ ነው። ልጁ የቀን መቁጠሪያውን ያሳየኝ ስላመነኝ መሆኑን፣ የታመንኩበትን ነገር ቀምቼ መልሼ ብሸጥለት መምህሩ ሳይሆን የቤተ መዝገቡ ዘበኛ እንደምሆንበት ጻፈ። እርሱ በልጅነቱ በሚወዳቸው የአውቶቡስ ሥዕሎች እንዲህ ተደርጎበት ነበር። ጥያቄውን መመለስ ተምሯል፤ ግን የሚወደውን ነገር ለማንም አዋቂ ማሳየት አቁሟል። ቀጥሎም፣ ራሱ ኦቲዝም ያለው የእንግሊዙ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበውን ሐሳብ አነሣ፦ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት ሳይሆን የሁለቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የካትሪን ክሮምፕተንና የባልደረቦቿ ጥናትም፣ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች አንድን ታሪክ እርስ በርሳቸው ሲቀባበሉ ኦቲዝም ከሌላቸው ባልተናነሰ እንዳስተላለፉት፣ ታሪኩ ይበልጥ የሳሳው ሁለቱ ወገኖች ሲደባለቁ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ ልጁ የእኔን ቋንቋ ለመማር ዓመታት ሲደክም፣ እኔ የእርሱን ለመማር ሦስት ሳምንት ብቻ መድከሜን ሳይሸሽግ ነገረኝ።

14ኛ መልስ፦ የ12ኛው ጸሐፊ ተቆጡ። ሽልማትን ከቅሚያ ጋር አንድ ማድረግ ግፍ ነው፤ ራሱን የሚመታ ልጅ ያላቸው ወላጆች የሚለምኑት ፍልስፍና ሳይሆን ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገር ነው አሉ። እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ራሱን ለሚጎዳ ልጅ የሠለጠነ ሰው ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው አልክድም፤ ነገር ግን በቀን መቁጠሪያው ደብተር ጉዳይ ወጣቱ ትክክል ነው። ደብተሩን አልወሰድኩም። የመደመርና የማካፈል ትምህርቱን ወደ ደብተሩ ይዤ ገባሁ፤ ለ7 ማካፈልን ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የተረዳው እርሱ ነው።

15ኛ መልስ፦ አንድ አባት፣ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ሲባክን የ57ቱ ድርሻ የት ገባ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለብቻው መማር አይገባውም ወይ ብለው በጠንካራ ቃል ጠየቁ። ከልጆቹ የአንዱ ወላጅ ሊሆኑ ይችላሉ ብዬ ስላሰብኩ ሌሊቱን አልተኛሁም።

16ኛ መልስ፦ በገጠር 80 ተማሪ የሚያስተምሩ መምህር ለአባትየው መለሱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ24ኛው አንቀጹ፣ ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላዩ ትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል እንደሚደነግግ ጠቀሱ። ከዚያም ረዳት መምህርም ሆነ በጀት በሌለበት የሚያደርጉትን ዘረዘሩ። የቀኑን ውሎ በሰሌዳው ጥግ በአምስት ትንንሽ ሥዕሎች ይሥላሉ፤ ያለቀውን ያጠፋሉ። ደወል ከመደወሉ በፊት ጣታቸውን አንሥተው ያሳውቃሉ። ከጓሮ ባለው ዛፍ ሥር አንድ ድንጋይ አለ፤ የጨነቀው ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ይቀመጣል። ድንጋዩ ላይ በብዛት የሚቀመጡት ኦቲዝም የሌላቸው፣ ቤታቸው ችግር ያለባቸው ልጆች እንደሆኑም ጽፈዋል። እኔም የ58ቱ ክፍል በሥዕሉ ሰሌዳ ምክንያት ጸጥ ማለቱን መስክሬአለሁ።

17ኛ መልስ፦ የ3ኛው መልስ እናት ተመልሰው ልጃቸውን ለዓመታት ጸበል ሲያመላልሱ መኖራቸውን፣ ጎረቤት እርግማን ነው እንዳላቸው ጻፉ። አንድ ሰው ሃይማኖታቸውን አቃለለ፤ ሌላው ደግሞ በእርሱ ላይ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ የ7ኛዋ ጸሐፊ ነገሩን አበረዱት። እናትን መወንጀል የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካም ኦቲዝም ከእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ይህን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፉ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድም ራሱ ኦቲዝም ያለው ልጅ አባት ነበር። ጸበሉ ለእናትየው መጽናኛቸው ከሆነ ማንም አይከልክላቸው፤ ልጁ ግን ዝናብና ሕዝብ የሚያስጨንቀው ከሆነ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይውሰዱት አሉ። መምህርም ከወላጅ ጋር ሲነጋገር ከዚህ ዓይነቱ አክብሮት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

18ኛ መልስ፦ ከአሜሪካ ሜሪላንድ የጻፉ ኢትዮጵያዊት እናት፣ ልጃቸው የማይናገር ስለሆነ ይህ ሁሉ ምክር ለእርሳቸው እንደማይሆን አዘኑ። የተናገርከውን ቃል ብቻ መልሶ ያስተጋባል አሉ። የ2ኛው ጸሐፊ ማስተጋባት ባዶ ድምፅ አለመሆኑን፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያው ባሪ ፕሪዛንት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባደረጋቸው ጥናቶች ልጆች በማስተጋባት እንደሚጠይቁ፣ እንደሚስማሙ፣ ራሳቸውንም እንደሚያረጋጉ ማሳየቱን መለሱላቸው። ልጁ ውሃ ትፈልጋለህ ሲል ውሃ አምጣልኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሥዕል እየሰጡ የመግባባት ዘዴም ቃል ለሌለው ልጅ በር እንደሚሆን ጠቆሙ። እዚህ ላይ ብዙዎች፣ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙትን ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አንሥተው በፍቅር አስታወሱ። እርሳቸው በአደባባይ ልጄ ኦቲዝም አለው ባይሉ ኖሮ ዛሬ በዚህ ክር ላይ ልጄ የምትል እናት እንደማትገኝ የጻፉት የ3ኛዋ እናት ናቸው።

19ኛ መልስ፦ በሰኔ መጀመሪያ የጻፍኩት የእኔ መልስ ነው። ልጁ አሁን ሲገባ ደረቱ ላይ እጁን ያደርጋል። አንዳንድ ቀን አያደርግም፤ ያን ቀን እኔ ብቻ አደርጋለሁ። ሁለት የክፍል ጓደኞቹ በዕረፍት ሰዓት የዘመዶቻቸውን ልደት ይዘውለት ይመጣሉ። በመስከረም ግን ወደ 4ኛ ክፍል ያልፋል፤ አዲሱ መምህር እንደ እኔ በጥቅምት እጁን እንዳይዙት ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁ።

20ኛ መልስ፦ የባሕር ዳሩ መምህር፣ ስለ ልጁ አንድ ገጽ ብቻ እንድጽፍ መከሩኝ፦ የሚወደው፣ የሚያስጨንቀው፣ ሲጨንቀው የሚረዳው። ገጹ ላይ የልጁ እናት ይጨምሩበት፤ ልጁም ራሱ የሚለው ካለ ይጻፍለት። በጳጉሜን ትምህርት ቤቱ ባዶ ሳለ ወደ አዲሱ ክፍል ይዤው ልግባ፣ የሚቀመጥበትን ዴስክ ይምረጥ፣ አዲሱም መምህር ከሰሌዳው አጠገብ ቆመው እጅ ይንሡት አሉ። ገጹን ጽፌ ለልጁ አነበብኩለት። አንድ መስመር አስጨመረኝ፤ መምህሩ የተወለዱበትን ቀን አስቀድመው ይዘው ይምጡ የሚል።